ለሰላምታ የማይቆም ሰዓት

የምታውቁት ሰው መንገድ ላይ እየሮጠ መጥቶ፣ እጁን ብቻ አንሥቶላችሁ ሳይቆም ያለፈበት ጊዜ አለ? ካለ፣ ምን ተሰማችሁ? ብዙዎቻችሁ «ምንም» እንደምትሉ እገምታለሁ። ዛሬ ሯጭ በየመንገዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ከከሚሴ ወደ ሐርቡ በሚወስደው አስፋልት ዳር ስራመድ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ እየሮጠ መጣ። ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ የእጅ ሰዓቱን አየት አደረገ፤ ከዚያ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ቲቸር!» ብሎኝ አለፈ። ጀርባው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። የተቀየምኩት መስሎት በማግሥቱ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አልተቀየምኩትም። ቀንቼበት ነው። ለምን እንደቀናሁ ለማስረዳት ግን ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የሰቀልኩት ካርታ ጥግና ጥጉ እኩል ካልሆነ ትምህርት የማልጀምር፣ ጠመኔዬን በየቀለሙ ለይቼ የማስቀምጥ ጎረምሳ ነበርኩ። ከማስተማር ሌላ የምወደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሮጥ። በዚያ ዓመት የአንድ የአዲስ አበባ ክለብ አሠልጣኝ በአካባቢያችን ውድድር ላይ አየኝና ጠርቶ አነጋገረኝ። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ማራቶን አለ፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በታች ከገባሁ ክለቡ ይቀበለኛል፤ ካልገባሁ፣ ክለቡ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ አዲስ ሯጭ ስለማይወስድ፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ለሥርዓት ወዳድ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚጥም ነገር የለም። ግቡ ተነግሮኛል፣ ቀኑ ታውቋል፣ የቀረው መሥራት ነው።

ልምምዴን በጨፋ ሜዳ ዳር ዳር አደረግሁት። ክረምቱ ሲወጣ ጨፋን ያላየ ሰው አረንጓዴ ምን እንደሆነ በደንብ የሚያውቅ አይመስለኝም። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል። ወፍ ጠባቂዎቹ ማማቸው ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮሃሉ። ቦርከና የክረምቱን ጭቃ አራግፎ መጥራት ይጀምራል፤ የጠዋቱ ጉም ከወንዙ ተነሥቶ የከብቶቹን ሆድ እየነካ ይሄዳል። ከማሽላው መሐል ጥንቅሽ ይበቅላል፤ ልጡ ተልጦ ሲመጠጥ እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ አገዳ ነው። ሮጬ ስመለስ ጥንቅሽ እየመጠጥኩ ነበር ላቤ የሚደርቀው። የስፖርት አስተማሪው ሰይድ የሩጫ ሰዓት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በብስክሌት ይከተለኛል። «እኔ ተቀምጬ አንተ እየሮጥክ እኩል የሚደክመን ለምንድን ነው?» እያለ ሲያማርር መንገዱ ያልቅ ነበር።

እዚህ ላይ ለሩቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ አገር ሰላምታ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ የአንዱን እጅ ስሞ፣ «አካም ቡልቴ?» ብለው በኦሮምኛ የአዳሩን ጠይቀው ይጀምሩና በአማርኛ ይቀጥላሉ። ቤቱ ይጠየቃል፣ ልጆቹ በየስማቸው ይጠየቃሉ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የታመመ ካለ እሱም ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ሳያደርስ የሚጣደፍ ሰው በቤቱ ሰላም የለም ማለት ነው።

እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ ይህን አላጣሁትም። ግን አንድ ጠዋት እግሬ እንደ ልቤ ሆነልኝና፣ ከከተማው ወጣ እንዳልኩ ማሳቸው ዳር የቆሙትን አባ ጀማልን እጄን ብቻ አንሥቼላቸው አለፍኳቸው። አባ ጀማል የአባቴ ባልንጀራ ናቸው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ በበኩር ልጁ ስም ይጠራል፤ ጀማል የእሳቸው በኩር ነው። ጀማል በድሮው የሰሜን ጦርነት ዘምቶ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ቆይቷል፤ የተመለሰው ተመልሷል፤ የሞተው መርዶው ደርሷል። ስለ ጀማል ግን ወዲህም ወዲያም አልተሰማም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሎች ሾላው ሥር ተቀምጠው አስጠሩኝ። ሰይድም አብሮኝ መጣ። አባ ጀማል ቁጣ አልነበራቸውም።

«ልጄ እንድሪስ፣ በዚህ መንገድ የሚሮጥ ሰው ሦስት ዓይነት ነው» አሉ። «አንዱ ሌባ ነው። አንዱ ሌባ የሚያባርር ነው። ሦስተኛው መርዶ የያዘና ዓይን ለዓይን መተያየት የፈራ ነው። አንተን ሌባ አልልህም። የምታባርረውም ሰው አላየሁም።»

ያኔ ገባኝ። ካለፍኳቸው በኋላ መኮትኮቻቸውን ጥለው ወደ ቤት ሄደው ነበር፤ ባለቤታቸው እማማ ዘሃራ ፊታቸውን አይታ እሪ ብላ ነበር፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር።

«አባ ጀማል፣ ልምምድ ነው። አዲስ አበባ ለሚደረግ ሩጫ ነው» አልኩ ተንተባትቤ።

«አዲስ አበባ ድረስ በእግርህ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«አይደለም፤ እዚያው ሄጄ ነው የምሮጠው።»

«ከደረስክ በኋላ ምን ያስሮጥሃል?»

ሳቅ ሆነ። አስተማሪ ነኝና እንጨት አንሥቼ መሬቱ ላይ መስመር አሰመርኩ። ርቀቱ ከከሚሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር ያህል መሆኑን፣ የተቀመጠልኝን ሰዓት፣ ክለቡን ሁሉ አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ። ፍርዳቸውም አጭር ነበር።

«ሩጥ፤ አንከለክልህም። ግን ለምታገኘው ሰው ኸይር መሆኑን፣ ክፉ ወሬ እንዳልያዝክ ንገረው። አባ ጀማልን ስታገኝ ደግሞ ቆመህ ሰላምታህን እስከ መጨረሻው አድርስ።»

«ወላሂ፣ አደርሳለሁ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሰይድ ከኋላ መከተሉን ትቶ ከፊት ከፊት ሄደ። የብስክሌቱን ደወል እያንቃጨለ «ኸይር ነው! ኸይር ነው! ልምምድ ነው!» እያለ መንገደኛውን ሁሉ ያረጋጋል። ሴቶቹ «አንተ ሰይድ፣ ለመኪና እንኳ እንዲህ አልተጮኸ!» ይሉታል። «መኪናስ ሄዶ ይመለሳል እማማ፣ ይህ ግን ሊሄድብን ነው!» ይላቸዋል።

አባ ጀማል ዘንድ ስንደርስ ግን እቆማለሁ። እጃቸውን እስማለሁ፤ እጄን ይስማሉ። «አካም ቡልቴ? ኸይር?» «ኸይር ነው አባ ጀማል። አንቱስ ደህና አደሩ? ቤቱ ደህና? ከብቱ? ጀማልስ?» «ይመጣል፤ ኢንሻአላህ።» መጨረሻው ሁልጊዜ ይህ ነው። እንደቆምኩ ሰይድ ሰዓቱን ጠቅ አድርጎ ያስቆመዋል፤ ስነሣ ጠቅ አድርጎ ያስነሣዋል። ይህን ያመጣው ሰይድ ነው፤ እኔም ብልህነት መስሎኝ አመሰገንኩት። ሰላምታው ከሩጫው አይቆጠርም። በዚህ አኳኋን ሁለት ወር ሠራን። እግሬም ለመደው፦ አባ ጀማል ሲታዩ ይቆማል፤ እግሬ ሲቆም ሰዓቱም ይቆማል።

ውድድሩ ሲቃረብ የአባ ጀማል ወንድም አዲስ አበባ አስጠራቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበርና «ሐኪም ያይልህ» ብሎ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ማሳው ዳር ያዙኝ። «ሩጫው በወንድሜ ሰፈር፣ በሳሪስ ያልፋል አሉ። መንገድ ዳር ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ጥንቅሽም እይዝልሃለሁ፤ የከተማ ውሃ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ። ሳቅን። ይህ የምንስቅበት የመጨረሻ ጠዋት እንደሆነ ሁለታችንም አላወቅንም።

የአዲስ አበባ ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ጎማ ጫማዬን ደጋግሜ አሰርኩ። ሰይድ መጨረሻው መስመር ላይ ሊጠብቀኝ ሄደ። መሮጥ ስንጀምር አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ትንፋሼ ገና ከመነሻው አጠረኝ። ከሚሴ ቆላ ነው፤ አዲስ አበባ ደጋ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ደረት የሚስበው ያንሰዋል። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው። ቢሆንም በአካሄዴ ቆየሁ። ወደ ቃሊቲ ስንወርድ ሰውነቴ ሞቀ፤ ደረቴ ተከፈተ። ዞረን ስንመለስ ብዙ ሰው ቀድሜ ነበር። የእጅ ሰዓቴን አየሁ። በዚሁ ከቀጠልኩ እገባለሁ። ልክ በሰዓቱ፣ ምንም ሳይተርፈኝ፣ ግን እገባለሁ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ክለቡ፣ ትራኩ፣ ጀርባው ላይ ስም የተጻፈበት ቱታ፣ ሁሉም ሳሪስ ዳገት አናት ላይ ተደርድሮ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ዳገቱ መሐል ላይ አባ ጀማል ቆመዋል። ነጭ ቆባቸውን ደፍተዋል፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል፣ በእጃቸው አንድ ጥንቅሽ ይዘዋል። ወንድማቸው ነው ብዬ የገመትኩት ሰው ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አባ ጀማል ፊት ለይተው አያዩም፤ በሚያልፈው ሯጭ ሁሉ ላይ «እንድሪስ? እንድሪስ ነህ?» ይላሉ።

ልቆም ወይስ ልለፍ ብዬ ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ። እግሬ ቆመ። ከዚያ ምን እንደጠበቅሁ ታውቃላችሁ? የሰይድን ጠቅታ ጠበቅሁ። ሰይድ ግን በሰባት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ መጨረሻው መስመር ዘንድ ነበር።

«አካም ቡልቴ ልጄ?» እጄን ያዙ። ሳምኳቸው፤ ሳሙኝ።

«አልሐምዱሊላህ። አንቱስ ደህና አደሩ? ዓይንዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቤቱ ደህና? ጀማልስ?» አልኩ። አፌ የለመደውን ነው ያለው፤ መልሱን እንኳ ሳልሰማ ልሮጥ ተዘጋጅቻለሁ።

አባ ጀማል «ይመጣል» አላሉም። እጄንም አለቀቁትም። ወንድማቸው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«ጀማል የለም ልጄ። አብሮት የነበረ ሰው ተገኝቶ ነው ለካ የጠሩኝ። ትናንት ነገሩኝ።»

ሯጮቹ በግራና በቀኜ ያልፋሉ። የጫማቸውን ድምፅ እሰማለሁ። «ታዲያ ለምን ወጡ አባ ጀማል? እንዲህ ሆነው?» ብቻ አልኩ።

«ቃል ሰጥቼህ አልነበር?» አሉ። ጥንቅሹን እጄ ላይ አደረጉልኝ። «በል ሂድ። ሰው እየቀደመህ ነው።»

ጥቂት ራቅ እንዳልኩ ጠሩኝ። ዞርኩ።

«እንድሪስ! ከሚሴ ስትገባ አትሩጥ። እናቱ አልሰማችም።»

የቀረውን መንገድ ጥንቅሹን ይዤ ሮጥኩት። መጣል አልቻልኩም። ዳር የቆመው ሕዝብ አገዳውን የከብት ነጂ ዱላ መስሎት ይስቃል። «አገሬ! ከብቱ ወዴት ገባብህ?» ይለኛል አንዱ። «ምታው እንጂ፣ ቀደመህኮ!» ይላል ሌላው። እያለቀስኩ ነበር የምሮጠው፤ ላብ መስሏቸዋል።

መጨረሻው መስመር ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ሰዓት ከሩቅ አየሁት። የምፈልገውን ቁጥር ሲያልፍ እያየሁ ነው የደረስኩት። ያለፈኝ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው።

«የት ቆየህ?» አለኝ ሰይድ ትከሻዬን ይዞ። «የት ነው የቆየኸው? ምንድን ነው የያዝከው?»

ነገርኩት። አንገቱ ላይ ያለውን ሰዓት ቁልቁል አየው፤ ያጠፋው እሱ ይመስል። «የቆምክባትን ብንቀንሳትኮ ገብተሃል» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያም ወደ አሠልጣኙ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት።

አሠልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም። እስከ መጨረሻው ሰማው። «ሰላምታ?» አለ። ስለ መርዶውም ሲሰማ ቆቡን አወለቀ። «እግዚአብሔር ያጥናቸው። ግን እኔ ለክለቡ የማቀርበው ይህን ሰዓት ነው፤ ይህ ሰዓት ደግሞ ለማንም አይቆምም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እጅህን አንሥተህ ብታልፍ፣ ሮጠህ ስትጨርስ ተመልሰህ ብትሄድላቸው ምን ነበረበት?»

ጥንቅሹን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው እንደማያይ እንኳ አስቤያለሁ፤ ዝም ብዬ ባልፍ ማለፌን አያውቁም ነበር።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍረን ተመለስን። ሰንበቴ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በግመልና በከብት ተዘግቷል። ተሳፋሪው ሁሉ ሾፌሩን ይጨቀጭቃል። መንገዱ እንዳይከፈት የምመኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከሚሴ ወርጄ እንደታዘዝኩት ቀስ ብዬ ተራመድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በዝግታ ሄጄ አላውቅም። እማማ ዘሃራ ገበያው አፍ ላይ በርበሬዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። አየችኝና ተነሣች።

«እንድሪስ! መጣህ? ሩጫው እንዴት ሆነልህ? አባ ጀማልን አገኘሃቸው?»

«አገኘኋቸው እማማ። ዓይናቸውን እየታዩ ነው። ደህና ናቸው።»

እጇን ሳምኩ። ሰላምታው ተጀመረ። ቤቱን ጠየቅሁ። ከብቱን ጠየቅሁ። ከዚያ የጀማል ተራ ደረሰ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በልልኝ፤ ብዘለው ታውቅ ነበር። በእኛ አገር ከሰላምታ መሐል የተዘለለ ስም ከመርዶ አይተናነስም። ማርዳት ደግሞ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ሰው በጎኗ ሆኖ የሚደረግ ነው። በርበሬዋ አጠገብ ቆማ፣ ብቻዋን ልትሰማ አይገባም።

«ጀማልስ?» አልኳት።

«ይመጣል፤ ኢንሻአላህ» አለችኝ እየሳቀች። «አንተም እንደ እሱ ከሳህ። ና፣ እርጎ ልስጥህ።»

ጠጣሁላት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አባ ጀማል ከዘመዶቻቸው ጋር መጡ፤ እማማ ዘሃራም ሰማች። እስከዚያ ድረስ አልሮጥኩም፤ የአባ ጀማል ትእዛዝ ነውና። ለቅሶው ላይም አልሮጥኩም፤ ነውር ነውና። ከለቅሶው በኋላ ደግሞ የሚሮጡለት ነገር አልነበረም። ልጅ የሞተባቸው ሰዎች ቤት ተቀምጬ «እኔም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ቀረሁ» ለማን እላለሁ? ትንሽ ኀዘን ከትልቅ ኀዘን አጠገብ ሲቀመጥ ስም የለውም። ዝም ብዬ ያዝኩት። የያዙት ነገር ደግሞ ሲውል ሲያድር ይጎመዝዛል።

አባ ጀማል አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀውኛል። የማሽላው አጨዳ ላይ ነበር። «ሰዓቱ ደረሰልህ?» አሉኝ።

«አልደረሰልኝም አባ ጀማል። ከፍታው ነው። የደጋው አየር ከበደኝ።»

«አዎ፣ የደጋ አየር» አሉ። ፊታቸው ሲቀልላቸው አየሁ። ስንት ጊዜ ሊጠይቁኝ ፈልገው እንደተዉት ከፊታቸው ገባኝ። አባ ጀማል ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ እስከ መጨረሻቸው ድረስ በጀማል ስም ነበር የምንጠራቸው። እኔም የከፍታን ምዕራፍ ባስተማርኩ ቁጥር «ለምሳሌ እኔ፣ ቆላ ያደግሁ ሯጭ፣ አዲስ አበባ ላይ...» እያልኩ ያንኑ ደግሜ አስረዳ ነበር። ትምህርቱ ትክክል ነው። ምሳሌው ነው ውሸት።

ያ ይቅርታ ሊጠይቀኝ የመጣው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። «ሰዓቱ ደረሰልህ?» አልኩት።

«ደረሰልኝ ቲቸር።»

«ታዲያ ምን አጠፋህ?»

ደስ ብሎት ሄደ። እኔ መስኮቱ ዘንድ ቀረሁ። መቆሜ ልክ ነበር የሚሉኝ ይኖራሉ፤ እነሱ በዚያ ሰዓት ከመጨረሻው መስመር ሰባት ኪሎ ሜትር ርቀው አልነበሩም። ማለፍ ነበረብህ የሚሉኝም ይኖራሉ፤ እነሱ ደግሞ እጃቸው አልተያዘም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ጠዋት በጣም በምትቸኩሉበት ሰዓት የምታውቁት ሰው ካጋጠማችሁ ቁሙለት፤ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው አድርሱት፤ ልትዘሉት የምትፈልጉትን ስም ጭምር ጠይቁ። በሌላ ቀን ደግሞ እጃችሁን ብቻ አንሥታችሁ እለፉ። ሁለቱንም ሞክሩና ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የትኛው ተከትሏችሁ እንደገባ ተመልከቱ።